ኦክታቪያ ሂል፤ የድሃ ቤት ጥገናን ከኪራይ መዝገብ የጀመረች ሴት

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በጉለሌ፣ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ያሉትን አሮጌ የጭቃ ቤቶች በክረምት መግቢያ ላይ የተመለከተ ባለሙያ፣ የቤቶቹን ታሪክ ከጣሪያቸው ላይ ማንበብ አያቅተውም። ቆርቆሮው ዝጎ ቀልቷል፤ ነፋስ እንዳይገነጥለው ድንጋይ ተጭኖበታል፤ ቀዳዳው በላስቲክ ተሸፍኗል። ግድግዳው ከላይ ደህና መስሎ ከታች፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ እስኪል ድረስ፣ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ይታያል። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ያወረደው ውሃ ከመሬት ነጥሮ ግድግዳውን ስለሚመታ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፤ የቋሚው እግር ከበሰበሰ ቤቱ ያዘማል፤ ቤቱ ካዘመመ በሩ አይገጥምም። የዚህ ሁሉ ጥፋት መነሻ ግን በጊዜው ሊገጠም ይገባ የነበረ አንድ አሸንዳና በአካፋ ሊቆፈር ይችል የነበረ አጭር ቦይ ነው።

ቀጨኔ ሴቶቹ ሸክላ ሲሠሩበት፣ ወንዶቹ ሸማ ሲሸምኑበት የኖረ ሰፈር በመሆኑ፣ እዚያ ቤት ማለት መኝታ ብቻ አይደለም። ጀበናውና ድስቱ እስኪተኮስ ድረስ የሚደርቀው በዚያው ጣሪያ ሥር ነው፤ የሸማኔው መቀመጫ ጉድጓድም የተቆፈረው በዚያው ወለል ላይ ነው። ጣሪያ ሲያፈስ ቤተሰቡ የሚያጣው እንቅልፉን ብቻ ሳይሆን የሳምንት ሥራውንም ነው። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት እጅ ገብተው፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ በመሆኑ በቀበሌ ሥር የዋሉ ናቸው። አዋጁ አነስተኛውን ኪራይ ይበልጥ ቀነሰው፤ የተቀነሰውም ኪራይ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ። የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የአጣና ዋጋ ግን አልቆመም። በወር 10 ብር የሚከፈልበት ቤት በዓመት የሚያስገባው 120 ብር ነው፤ በዚህ ገንዘብ ጣሪያ መቀየር ቀርቶ አናጢን ለአንድ ቀን መቅጠር የማይቻልበት ጊዜ መጣ። ተከራዩ ቤቱ የራሱ ባለመሆኑ፣ ቀበሌውም ገንዘብ በማጣቱ፣ ቤቱ በሁለቱ መካከል ያለ ጌታ ቀረ። በተግባር ብዙውን ምርጊት የመረገውና ብዙውን ቆርቆሮ የለወጠው ራሱ ተከራዩ ነው፤ እሱም ቢሆን ፈቃድ ጠይቆ፣ ያወጣው ወጪ ነገ የማን እንደሚሆን ሳያውቅ ነበር።

አነስተኛ ኪራይ የሚከፍል ሰው የሚኖርበትን ቤት ማን፣ በየትኛው ገንዘብ፣ በምን ቅደም ተከተል ይጠግነዋል የሚለው ጥያቄ ለአዲስ አበባ ብቻ የቀረበ አይደለም። ከ160 ዓመት በፊት በለንደን ከተማ አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ሦስት የተጎሳቆሉ ቤቶች ተረክባ ይህንኑ ጥያቄ በሒሳብ ደብተር ልትመልሰው ተነሣች። ከእርሷ በፊት ለድሃ አዲስ ቤት የሠሩ ቸር ሰዎች ነበሩ። አሮጌውን ቤት ከነተከራዩ ተረክቦ፣ ማንንም ሳያፈናቅሉ፣ ኪራዩ ራሱ ቤቱን እንዲያድስ ማድረግን እንደ ሙያ የያዘች የመጀመሪያዋ ሰው ግን እርሷ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ኦክታቪያ ሂል የተወለደችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 3 ቀን 1838 በምሥራቅ እንግሊዝ ዊዝቢች በምትባል ከተማ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የእንግሊዝ አገር ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቷ ጄምስ ሂል የእህል ነጋዴና የባንክ ባለቤት ሲሆን፣ የሮበርት ኦወንን የኅብረት ሥራ ሐሳብ የተከተለ ሰው ነበር። ኦክታቪያ የሚለው ስሟ ለአባቷ ስምንተኛ ሴት ልጅ መሆኗን ይናገራል። ገና ሕፃን ሳለች፣ በ1840፣ አባቷ ከሰረ፤ ከኪሳራውም በኋላ ጤናው ታውኮ ቤተሰቡን ማስተዳደር ተሳነው። ሸክሙ በእናቷ በካሮላይንና በእናቷ አባት በዶክተር ቶማስ ሳውዝዉድ ስሚዝ ላይ ወደቀ።

ይህ አያት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአባቷ ይበልጥ ቦታ አለው። ዶክተር ስሚዝ በለንደን የተስቦ ሕሙማን ሆስፒታል ሐኪም ነበር። በድሃው ሰፈር ተስቦ የሚበረታው በነዋሪው ጥፋት ሳይሆን በተዘጋ ፍሳሽ፣ በቆሸሸ ውሃና ነፋስ በማይገባበት ክፍል ምክንያት መሆኑን ለመንግሥት በሪፖርት ካስረዱት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ነው። ልጅቷ ያደገችው ፍሳሽና የውሃ ቧንቧ የገበታ ወሬ በሆኑበት ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ለአንድ የቤት አስተዳዳሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

በ1852 እናቷ በለንደን ለችግረኛ ሴቶች ሥራ የሚሰጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆና ስትቀጠር ኦክታቪያም አብራ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ፣ ገና በ14 ዓመቷ፣ የአሻንጉሊት ዕቃ የሚሠሩ የድሃ ልጆች ክፍል ኃላፊ ተደረገች። ለእያንዳንዷ ልጅ ሥራ ታካፍላለች፤ ዕቃውን ትገዛለች፤ የሒሳቡን መዝገብ ትይዛለች። ልጆቹ ሲቀሩ ወደየቤታቸው ሄዳ ትጠይቃለች። የለንደንን የድሃ ቤት ከውስጥ ያየችው፣ በአንድ ጠባብ ክፍል ሙሉ ቤተሰብ እንዴት እንደሚያድር፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳና ኪራይ ለማን እንደሚከፈል ያወቀችው በዚያን ጊዜ ነው። ኋላ ዝነኛ ያደረጋት የአሠራር ዘዴ፣ ማለትም ሒሳብን ከጉብኝት ጋር ማጣመር፣ በዚህ የአሻንጉሊት ክፍል ውስጥ ተጠንስሶ ነበር።

በዚሁ ዘመን ዝነኛውን የሥነ ጥበብ ሐያሲ ጆን ረስኪንን ተዋወቀች። ረስኪን የቀደምት ሠዓሊዎችን ሥራ በቅጂ እንድትሥልለት ስለፈለገ ለአሥር ዓመታት ያህል አስተማሪዋም አሠሪዋም ሆነ። በ1856 ደግሞ በወንዶች ሠራተኞች ኮሌጅ ውስጥ ለተከፈተው የሴቶች ትምህርት ጸሐፊ ሆና በዓመት 26 ፓውንድ ደመወዝ ተቀጠረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከእናቷና ከእኅቶቿ ጋር በሜሪልቦን ሰፈር ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተች። ትምህርት ቤቱ የቆመው ከድሃው ሰፈር ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበርና፣ ኦክታቪያ ለምታውቃቸው ችግረኞች ንጹሕ ክፍል ልታፈላልግ ደጋግማ ሞከረች፤ አልተገኘም። ቤት ያላቸው ሰዎች ለድሃ ማከራየትን እንደ ውርደት ይቆጥሩታል፤ ለድሃ የሚያከራዩትም ቤቱን እስኪወድቅ ድረስ ግጠው የሚበሉ ነበሩ።

የረስኪን አባት በ1864 ሲሞት ለልጁ ብዙ ሀብት ተወለት። ኦክታቪያ ሐሳቧን ለረስኪን ስታቀርብ፣ እርሱ ተቀብሎ በ1865 በሜሪልቦን ውስጥ ሦስት ቤቶች ገዛ። ቤቶቹ 56 ዓመት የቀረው ሊዝ ያላቸው ሲሆኑ የወጣባቸው ዋጋ 750 ፓውንድ ነበር። ሥፍራው በእንግሊዝኛ ፓራዳይዝ ፕሌስ ይባላል፤ የገነት ሥፍራ ማለት ነው። ማን እንዲህ ብሎ እንደሰየመው እንጃ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ትንሿ ሲኦል ይለው ነበር። ረስኪን አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖረ፤ ላወጣው ገንዘብ በየዓመቱ 5 በመቶ ትርፍ እንዲከፈለው ጠየቀ። ይህን ያደረገው ገንዘቡ አጥሮት ሳይሆን ሥራው ራሱን የሚችል መሆኑ ከታየ ሌሎች ባለ ገንዘቦችም ይከተሉታል ብሎ ስላመነ ነው። ግምቱም አልሳተም።

የዚህች ሴት ሥራ ለቤት አስተዳደር ባለሙያ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ1866 በተከታዩ ሰፈር፣ ፍሬሽዎተር ፕሌስ በሚባለው፣ የተረከበቻቸው ቤቶች ሁኔታ እንዲህ ነበር፤ ልስኑ ከግድግዳ ላይ ይረግፋል፤ በአንዱ ቤት ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚቀበል ባልዲ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ የደረጃውን መደገፊያ እንጨት ተከራዮቹ ለማገዶ አንድደውታል፤ የመስኮቱ መስታወት አብዛኛው ተሰብሯል፤ ለቤቶቹ ሁሉ የሚያገለግለው አንድ የውሃ በርሜል ቧንቧው ተነቅሎ ያፈሳል። ልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው ክፍል በአከራዩ ኮተት ተሞልቷል። የቀጨኔን የጋራ ሽንት ቤትና የጋራ ቦኖ የሚያውቅ ሰው ይህን ሥዕል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ኦክታቪያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አላደሰችም። መጀመሪያ ፍሳሹን አስጠረገች፤ ውሃውን አስተካከለች፤ ጣሪያውን አስከደነች። እነዚህ ሦስቱ ጤናን የሚነኩ ስለሆኑ ተከራዩ ቢከፍልም ባይከፍልም፣ ቢጠነቀቅም ባይጠነቀቅም፣ ሊዘገዩ አይገባም ባይ ነበረች። ኖራ መቀባቱ፣ አዲስ መስታወቱ፣ ቁም ሣጥኑና የመሳሰለው ግን ቀስ በቀስ፣ ነዋሪው ያለውን መጠበቁ እየታየ እንዲመጣ ወሰነች። አንድ ሰፈር በአንድ ክረምት ታድሶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ እንደነበረ ሲገኝ ያየ ባለሙያ ይህ ቅደም ተከተል ምን ያህል ብልህነት እንዳለበት አይስተውም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የገንዘቡ አከፋፈል ነው። ከተሰበሰበው ኪራይ አስቀድሞ የባለ ገንዘቡ 5 በመቶ፣ ግብርና ሌላው ቋሚ ወጪ ይነሣል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት ለዓመቱ ጥገና የሚሆን የተወሰነ ገንዘብ ይመደባል። ምደባው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ተከራዩም ያውቀዋል። በዓመቱ ውስጥ መስታወት ቢሰበር፣ ቁልፍ ቢጠፋ፣ ፍሳሽ ቢደፈን ወጪው ከዚያው ምደባ ይነሣል። በዓመቱ መጨረሻ የተረፈ ካለ ወደ ባለቤቱ ኪስ አይመለስም፤ ተከራዮቹ ተራ በተራ የሚሹትን ማሻሻያ ይመርጡበታል። አንዷ መደርደሪያ፣ ሌላዋ የልብስ ማጠቢያ ጋን፣ ሌላዋ አዲስ ቀለም ታሠራለች። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ዕቁብ የሚወጣበትን ተራ ከቤት ጥገና ጋር እንዳገናኙት መቁጠር ነው።

የዚህ አሠራር ኃይል የሚገኘው ከስብከት ሳይሆን ከሒሳብ ነው። ልጅ ድንጋይ ወርውሮ መስታወት ቢሰብር፣ የተሰበረው የአከራይ መስታወት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የእናቱ መደርደሪያ ሆነ። ጎረቤት ፍሳሹን ብትደፍን፣ ሌላዋ ጎረቤት ዝም የምትልበት ምክንያት ጠፋ። ዛሬ የማኅበራዊ ቤቶች አስተዳዳሪዎች የጥገና መጠባበቂያ፣ የዓመት ዕቅድ፣ የተከራይ ተሳትፎ እያሉ በሦስት ልዩ ልዩ ምዕራፍ የሚያስተምሩትን፣ ይህች ሴት በአንድ የመዝገብ ዓምድ ውስጥ አኖረችው።

ሁለተኛው የዘዴዋ ምሶሶ ሳምንታዊው ጉብኝት ነው። ኪራይ የምትቀበለው በየሳምንቱ በየቤቱ ደጃፍ ራሷ እየሄደች ነበር። ኪራይ ሰብሳቢዋ በገባች ቁጥር ጣሪያውን ታያለች፤ ስለ ቧንቧው ትጠይቃለች፤ ከትናንት የበለጠ ያዘመመ ነገር ካለ ትመዘግባለች። ስለዚህ የቤቶቹ የጥገና ምርመራ የተለየ ባጀትና የተለየ ኮሚቴ ሳያስፈልገው በዓመት 52 ጊዜ ይደረግ ነበር። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ልማድ ማስታወስ ይገባል። በቀበሌ ቤቶች ታሪክ ኪራዩ የሚከፈለው ተከራዩ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ነው። ገንዘቡ ይሰበሰባል እንጂ ቤቱን የሚያይ ዓይን የለም። ቤቱ የሚታየው ግድግዳው ሲወድቅ ወይም ማመልከቻ ሲጻፍ ሆነ። በገንዘብ ረገድ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በቋሚው እግር ላይ ግን ብዙ ነው።

በተጨማሪም ከጥገናው ሥራ አስቸኳይ ያልሆነውን እያቆየች፣ ሥራ በሚጠፋበት ወራት ሥራ ለፈቱት ተከራዮቿ ትሰጣለች። ከፍ ያሉት ልጃገረዶች የጋራውን መተላለፊያ በሳምንት የተወሰነ ቀን እየወለወሉ ክፍያ ያገኛሉ። በአንድ ክፍል የታጨቀ ቤተሰብ ሁለተኛ ክፍል እንዲጨምር ስትል የሁለቱን ክፍሎች ኪራይ ከተናጠል ድምራቸው ዝቅ ታደርግ ነበር። ምርጊት የሚያውቅ፣ አናጢነት የሚሞክር፣ ሸክላ የሚያበጅ እጅ በሞላበት እንደ ቀጨኔ ባለ ሰፈር ይህ የሥራ አሰጣጥ ምን ሊያስገኝ ይችል እንደነበረ ማሰብ አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ሲባል ሴትዮዋ ለስላሳ ነበረች ማለት አይደለም። ውዝፍ ኪራይ አትታገሥም። ያልከፈለ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ካልታረመ ይለቃል። ሰካራምነትንና ጠብን ስለማትወድ ጎረቤት የሚያውኩትንም ታስወጣለች። ጥብቅነቱ ከሒሳቡ የመጣ ነው፤ አንዱ ያልከፈለው የሌላውን ጥገና ይበላልና። ቢሆንም ፍጹም የሌለው፣ ቋሚ ሥራ የማያገኘው፣ የታመመው ሰው በዚህ ዘዴ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነበር። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የኋላ ዘመን ተቺዎቿም ያነሡት በትክክል ነው።

ሥራው ሰፋ። ፍሬሽዎተር ፕሌስ ውስጥ ከቤቶቹ ጋር ባዶ መሬት ስለተገኘ የልጆች መጫወቻ ተደረገ። ከ1869 ጀምሮ ባሬትስ ኮርት በተባለው ሰፈር ያሉ ቤቶች ተጨመሩ። በ1874 በኃላፊነቷ ሥር 15 የቤት ሥፍራዎችና 3,000 ያህል ተከራዮች ነበሩ። ይህን ብቻዋን ልትይዘው ስለማትችል ሴቶችን እያሠለጠነች ለእያንዳንዳቸው ሰፈር አከፋፈለች። ከእነርሱ መካከል ኋላ በለንደን ሮያል ቪክቶሪያ አዳራሽን ያቋቋመችው ኤማ ኮንስ አንዷ ናት። ኦክታቪያ ከ1872 ጀምሮ በየዓመቱ ለሥራ ባልደረቦቿ ደብዳቤ ታሳትም ነበር። በደብዳቤው ውስጥ የዓመቱ ሥራ፣ ያልተሳካው ጭምር፣ በእጇ ያለፈውም የእርዳታ ገንዘብ ሒሳብ ይቀርባል። ጽሑፎቿ በ1875 በመጽሐፍ መልክ ታተሙ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዕልት አሊስም ወደ ጀርመንኛ እንዲተረጐም አደረገች። በዚያው ዓመት የወጣው የሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ሕግ ሲረቀቅም ድምፅዋ ተሰምቷል።

በ1877 ግን ሁሉ ነገር ተናጋ። ከረስኪን ጋር ተጋጨች፤ እርሱም በሚያሳትመው ወርኃዊ ጽሑፍ ላይ በይፋ ነቀፋት። በድካም ላይ ይህ ተጨምሮ ጤናዋ ተሰበረ፤ ሐኪሞችም ከለንደን እንድትርቅ አዘዙ። ከሥራዋ ተለይታ በውጭ አገር ስትዘዋወር ኪራዩ በየሳምንቱ መሰብሰቡን፣ ጥገናውም በመዝገቡ መሠረት መቀጠሉን አላቋረጠም። ከሥራዋ ሁሉ የትኛው ይበልጣል ቢባል ይህ ነው ሊባል ይችላል። ብዙ የጥገና ፕሮግራም የአንድ ትጉህ ሰው ጉልበት ሆኖ ይኖርና ያ ሰው ሲዛወር አብሮ ይሞታል። የእርሷ ግን ደብተርና የሠለጠነ ምትክ ነበረው። በጉዞዋ አብራት የነበረችው ሃርዮት ዮርክ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ጓደኛዋ ሆና ኖረች።

ከተመለሰች በኋላ ዋናው ምዕራፍ የተከፈተው በ1884 ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች በደቡብ ለንደን፣ በሳውዝዋርክና በዴፕትፎርድ፣ ያሏቸውን የተጎዱ ቤቶች አስረከቧት። እንግዲህ ከአሁን ወዲያ አሠሪዋ ቸር ወዳጅ ሳይሆን ትልቅ ተቋም ሆነ። ዴፕትፎርድ አልቀናትም፤ ሰፈሩ ሩቅ ነበር፣ ተከራዩም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጥ ስለነበር ሳምንታዊው ትውውቅ ሥር ሊሰድ አልቻለም። በሳውዝዋርክ ግን የተቃጠለ የወረቀት ፋብሪካ ፍርስራሽ የነበረበትን ቦታ አስጠርጋ በ1887 ሬድ ክሮስ የተባለውን የአትክልት ሥፍራ ከፈተች። በዳሩም ላይ አርክቴክቱ ኢላይጃ ሁል የነደፋቸውን ትናንሽ ቤቶች አሠራች። እነዚህ ቤቶች ዛሬም አሉ። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ ትልቅ ሕንፃ አትወድም ነበር፤ ሰው በሩ ወደ ምድር የሚከፈት ቤትና ጥቂት አረንጓዴ ነገር ያሻዋል ባይ ናት። ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘው ሌላው ሥራዋ በ1895 ከሮበርት ሀንተርና ከቄስ ሃርድዊክ ሮንዝሊ ጋር ናሽናል ትረስት የተባለውን የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር መመሥረቷ ነው። ብዙ እንግሊዛዊ የሚያውቃት በዚህኛው ሥራዋ ቢሆንም፣ ኪራይ ተቀባይነቷ ከዚያ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በ1898 ወዳጆቿ ገንዘብ አዋጥተው የዘመኑን ታላቅ ሠዓሊ ጆን ሲንገር ሳርጀንትን አስጠርተው ምስሏን አሠሩላት። ከ1905 እስከ 1909 የድሆችን ሕግ የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን አባል ሆና ሠርታለች። በእነዚህ ዓመታት የያዘቻቸው አቋሞች ብዙ ደጋፊዎቿን አሳዝነዋል። የጡረታ አበል ለአረጋውያን በመንግሥት መከፈሉን ተቃወመች፤ ሴቶች ለፓርላማ እንዲመርጡ አልደገፈችም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶች ራሳቸው ቤት ሠርተው ማከራየታቸውን አትፈልግም ነበር። ስጋቷ፣ ምክር ቤት ከመራጩ ኪራይ ለመሰብሰብ ይፈራል፣ ኪራይ ካልተሰበሰበም ጥገና ይቀራል የሚል ነበር። ታሪክ በዋናው ነገር አልደገፋትም። ከ1919 በኋላ እንግሊዝ የቤት እጦቷን ያቃለለችው በማዘጋጃ ቤቶች እጅ ነው፤ የእርሷ 5 በመቶ በሚሊዮን ለሚቆጠረው የለንደን ሕዝብ የሚበቃ አልነበረም። ስለ ጥገናው የነበራት ስጋት ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ባለቤቱ መንግሥት ሲሆን፣ ኪራዩም በዋጋው ሳይሆን በውሳኔ ሲተመን፣ የጥገናው ድርሻ ከየት እንደሚመጣ አብሮ ካልተወሰነ ምን እንደሚከተል የቀጨኔ ግድግዳ ምስክር ነው። መልሱ ድሃውን የማይችለውን ኪራይ ማስከፈል ነው ማለት አይቻልም፤ ኪራዩ ዝቅ እንዲል የወሰነ አካል የጎደለውን የጥገና ገንዘብ ከሌላ ቋት ሞልቶ፣ በየቤቱ ስም መዝግቦ ማኖር ነበረበት። ኦክታቪያ ይህን ሁለተኛ መንገድ አላየችም፤ ወይም ለማየት አልፈለገችም።

ተከታዮቿ ግን አዩት። በአምስተርዳም ከእርሷ ዘንድ የሠለጠነችው ዮሃና ተር ሙለን ዘዴውን ወደ ኔዘርላንድ ወሰደች፤ በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በ1896 በስሟ የተጠራ የቤቶች ማኅበር ተቋቋመ። በእንግሊዝ የሠለጠኑት ሴቶች እርሷ ከሞተች በኋላ፣ በ1916፣ የቤት አስተዳዳሪ ሴቶችን የሙያ ማኅበር መሠረቱ። የማኅበሩ አባላትም መምህርታቸው ትቃወማቸው በነበሩት ማዘጋጃ ቤቶች ውስጥ ተቀጥረው ደብተራቸውንና ሳምንታዊ ጉብኝታቸውን ይዘው ገቡ። ያ ማኅበር ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የብሪታንያ የቤት አስተዳደር ባለሙያዎች ኢንስቲትዩት ከተመሠረተባቸው ሥሮች አንዱ ሆኗል።

ኦክታቪያ ሂል በመጨረሻ ዓመቷ በካንሰር ታማ፣ መሞቷን አውቃ፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ ለረዳቶቿ አከፋፈለች። ኦገስት 13 ቀን 1912 በሜሪልቦን ባለው ቤቷ አረፈች። በዌስትሚንስተር ገዳም እንድትቀበር ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ቤተሰቧ ፈቃዷን አክብረው በኬንት ገጠር ክሮክሃም ሂል በተባለች መንደር ቀበሯት። ፓራዳይዝ ፕሌስ ስሙ ተለውጦ ጋርበት ፕሌስ ተብሏል። የመጀመሪያዎቹ ቤቶቿ ግን አልፈረሱም፤ በአንደኛው ግድግዳ ላይ ስሟን የያዘ ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ከሰሌዳው በታች በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል።